«አይቀዳም» የሚለው መስመር ሌባውን አያግድም፤ ደንበኛውን ግን ያግዳል

ሰሞኑን ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ ዌብሳይት በምንሠራ ልጆች መካከል አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም እየዞረ ነው። የጻፈው የሙያ ወንድማችን ነው። ክርክሬ ከሐሳቡ ጋር ስለሆነ ስሙን ማንሳት አያስፈልግም። የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። የአካባቢያችን ሆቴሎች፣ ሱቆችና የዜና ገጾች ጽሑፋቸው እየተሰረቀ ነው። መፍትሔውም የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ፣ በሲኤስኤስ ውስጥ አለ፦ «ዩዘር-ሰሌክት» (user-select) የምትባለውን ትእዛዝ «ነን» (none፣ ምንም) ብሎ በሙሉ ገጹ ላይ ማሳረፍ። ከዚያ በኋላ ጎብኚው ጽሑፉን በማውስም በጣትም ሰሌክት ማድረግ አይችልም። ሰሌክት ከሌለ ኮፒ የለም፣ ኮፒ ከሌለ ስርቆት የለም ይላል። መጨረሻ ላይም ማንም ወስዶ የሚለጥፈው ዝግጁ ኮድ፣ ቴምፕሌት፣ አያይዟል።

ሐሳቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፍም ነበር። እንድጽፍ ያደረገኝ ቴምፕሌቱ ነው። ጀማሪ ልጆች ቴምፕሌት ሲያገኙ ውስጡን ሳያዩ ነው የሚለጥፉት። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ላለ ሱቅም፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ ላለ የእንግዳ ማረፊያም፣ ለትራንዚት ቢሮም ያው መስመር ይገባል። ከዚያ ባለቤቱ «ለምን ደንበኛ አካውንት ቁጥሩን መቅዳት አቃተኝ ይላል?» ብሎ ይደውላል። ስለዚህ ወንድማችን ያነሳቸውን ነጥቦች አንድ በአንድ ልመልስ።

«ሰሌክት ካልተደረገ አይሰረቅም»

ዋናው ስህተት እዚህ ላይ ነው። ሌላው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ድረ ገጽ የሚሠራው እንዴት ነው? ሰው አድራሻውን ሲከፍት ሰርቨሩ ጽሑፉን በሙሉ ወደ ሰውየው ስልክ ይልካል። ብሮውዘሩ የሚያሳየው ከደረሰ በኋላ ነው። ሲኤስኤስ የሚመጣው የደረሰው ጽሑፍ ምን ይምሰል፣ ሲነካ ምን ያድርግ የሚለውን ለመናገር ነው። «ዩዘር-ሰሌክት ነን» ስንል ጽሑፉን አልደበቅነውም፣ አልቆለፍነውም። ሰውየው እጅ ላይ ያለውን ነገር «በጣትህ አትያዘው» ብለን ብሮውዘሩን ለመንነው እንጂ።

ጽሑፍ ሰርቆ በራሱ ገጽ ላይ ለመለጠፍ የቆረጠ ሰው ደግሞ መንገድ አያጣም። ኮምፒውተር ላይ ኮንትሮልና ዩ ሲጫን የገጹ ኮድ ከነጽሑፉ ይዘረገፋል። ፋየርፎክስና ሳፋሪ ላይ ያለው የንባብ ሁነታ የእኛን ሲኤስኤስ ወደ ጎን ትቶ ጽሑፉን ብቻ ያቀርባል። ገጹን «ፕሪንት» ብሎ በፒዲኤፍ ማስቀመጥም ይቻላል። ትንሽ ኮድ የሚያውቅ ደግሞ የዴቨሎፐር መሣሪያውን ከፍቶ ያቺን መስመር ያጠፋታል፤ ሰከንዶች ናቸው። ጽሑፍ በብዛት የሚሰበስቡት ሰዎችም አይደሉም፣ ፕሮግራሞች ናቸው። እነሱ ጽሑፉን የሚወስዱት ከኮዱ ስለሆነ ይህች መስመር መኖሯንም አያውቁም።

አንድ ነገር ልጨምር። የአካባቢያችን የዜናና የመረጃ ገጾች ብዙዎቹ የተሠሩት በዎርድፕረስ ነው። ዎርድፕረስ ደግሞ ካልቀየሩት በስተቀር እያንዳንዱን ጽሑፍ በሙሉ «ፊድ» በሚባለው አድራሻ በኩል ራሱ ያከፋፍላል። ፊት ለፊት ያለውን ጽሑፍ ሰሌክት እንዳይደረግ ከልክለን፣ በጓሮ በኩል ሙሉውን ራሳችን እያደልን ነው ማለት ነው። ወንድማችን ስለ ፊዱ አንድ ቃል አላነሳም።

ይህ ደግሞ የእኔ አስተያየት ብቻ አይደለም። የዌብ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ ይህችን ትእዛዝ ያስቀመጠው የሲኤስኤስ የተጠቃሚ ገጽታ ደረጃ 4 በሚባለው ሰነድ ውስጥ ነው። እዚያው ሰነዱ ላይ ነገሩ የአጠቃቀም ምቾት መሣሪያ እንጂ ከኮፒ መከላከያ እንዳልሆነ ተጽፏል። እንዲያውም ብሮውዘሮች «ነን» የተባለውንም ጽሑፍ ተጠቃሚው በሌላ መንገድ ሰሌክት እንዲያደርግ መፍቀድ እንደሚችሉ ይገልጻል። ትእዛዙን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው «ለዚህ አይሆንም» ካሉ፣ እኛ ድሬ ላይ ቁጭ ብለን ቁልፍ ነው ብለን ለደንበኛ መሸጥ የለብንም። ሽያጭ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። «ከስርቆት መከላከያ» ተብሎ ደረሰኝ ላይ ተጽፎ ዋጋ ሲጠየቅበት በዓይኔ አይቻለሁ። ባለ ሱቁ በማያውቀው ነገር ገንዘቡን ሊከፍል አይገባም።

«አንድ መስመር ይበቃል፣ ሌላ ነገር አይነካም»

ይህ በተግባር ሲሞከር አይቆምም። ቴምፕሌቱን ከፍቼ አየሁት። መጀመሪያ ላይ የኮከብ ምልክት አድርጎ ለሁሉም ነገር «ነን» ብሏል። ከዚያ ሁለት ዓይነት ችግር ይከተላል፣ ሁለቱም አይፎን ላይ።

ክሮም ከ2016 (እ.ኤ.አ.)፣ ፋየርፎክስ ከ2019 ጀምሮ ትእዛዟን ያለ ቅድመ ቅጥያ፣ ማለትም ከስሟ ፊት ሌላ ቃል ሳይጨመር፣ ይቀበላሉ። ሳፋሪ ግን የሚቀበለው ፊቷ ላይ «ዌብኪት» የሚል ቅድመ ቅጥያ ሲኖርባት ነው። ስለዚህ ቅጥያው ከሌለ አይፎን የያዘ ሰው ጽሑፉን እንደ ልቡ ሰሌክት ያደርጋል። ባለቤቱ በራሱ ሳምሰንግ ሞክሮ «ተቆልፏል» ብሎ ተኝቷል፣ አጠገቡ ያለው ሰው ደግሞ በአይፎኑ ይቀዳል።

ቅጥያው ሲጨመርስ? ይሄኛው ይብሳል። ሳፋሪ ላይ የዌብኪቱን ትእዛዝ በኮከብ ምልክት ለሁሉም ነገር ስትሰጥ የመጻፊያ ሳጥኖችም አብረው ይያዛሉ። ሰውየው ስምህን ጻፍ የሚለውን ሳጥን ይነካል፣ ኪቦርዱ ይወጣል፣ ፊደሉን ይጫናል፣ ምንም አይጻፍም። የክፍል ማስያዣው ፎርም ሞተ ማለት ነው። የሚያሳዝነው ይህ ስህተት ምንም መልእክት አያሳይም። ደንበኛው ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል፣ ወይ ኔትወርኩን ይረግማል፣ ከዚያ ይሄዳል። ባለቤቱም አያውቅም። ፎርሙ ለምን ባዶ እንደሚመጣ ሲጠይቅ «ሰው የለም» ይባላል።

ወንድማችን ያላብራራው አንድ አሠራር ደግሞ አለ። አንድ ነገር ላይ «ነን» ሲባል በውስጡ ያሉት ክፍሎች («ልጆቹ») ሌላ ካልተባሉ ያንኑ ይከተላሉ። ምክንያቱም መነሻ ዋጋቸው «ኦቶ» (auto) ነው፤ «ኦቶ» ደግሞ ወላጁ «ነን» ከሆነ «ነን» ይሆናል። ልጁን ለብቻው «ቴክስት» ካልከው ግን ይፈታል። ስለዚህ አስቸጋሪ ቦታ ላይ «ነን» ብሎ ውስጡ ያለውን ቁጥር መፍታት ይቻላል። ይህን የማያውቅ ጀማሪ ሙሉ ገጹን ዘግቶ ስልክ ቁጥሩን ለመክፈት ግማሽ ቀን ሲታገል ታገኘዋለህ።

«ቅን አንባቢ ኮፒ አያደርግም»

ከሁሉም ያናደደኝ ይህ ነው። እስቲ ድሬ ላይ ሰው ከድረ ገጽ ምን እንደሚቀዳ እንይ።

አካውንት ቁጥር ይቀዳል። የንግድ ባንክ አካውንት ቁጥር 13 አሃዝ ነው። አንዲት እህት አጠገቤ ቁጭ ብላ ሐረር ላለ የእንግዳ ማረፊያ ቀብድ ልትልክ ስትታገል አይቻታለሁ። ገጹ ላይ ቁጥሩ አለ። ጫን ብላ ያዘችው፣ አልተያዘም። ደግማ ያዘችው፣ ገጹ ብቻ ተንሸራተተ። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን አሃዞች በቃሏ ይዛ ወደ ባንኩ አፕ ሄደች፣ ጻፈች፣ ተመለሰች። ስልኳ ሜሞሪው ትንሽ ስለሆነ ገጹ እንደገና ከመጀመሪያው መከፈት ጀመረ። በመጨረሻ ቁጥሩን ሞልታ ስትልክ አፕ ላይ የወጣው ስም የማታውቀው ሰው ስም ሆነ። አንድ አሃዝ ተሳስታለች። ደግነቱ ስሙን አየችው። ሰረዘችና «ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ» አለች። ማረፊያው ያጣው ደንበኛ ይህ ነው፤ የሰረቀው ሰው ግን አንድም የለም።

ትራንዚተሮችን እንውሰድ። ከጅቡቲ የሚመጣ ኮንቴይነር ቁጥሩ 4 ፊደልና 7 አሃዝ ነው፣ በድምሩ 11። የመጨረሻዋ አሃዝ ከፊተኞቹ ተሰልታ የምትገኝ ማረጋገጫ ነች፤ አንዱን ተሳስተህ ብትጽፍ ሲስተሙ አብዛኛውን ጊዜ አይቀበልህም። አንድ የጭነት ሠራተኛ በቀን ስንቱን ቁጥር ከገጽ ወደ ገጽ ያዛውራል? ያለ ኮፒ ይህን ሥራ መሥራት ማለት ዓይንን ማጥፋት ነው። የእቃ መከታተያ ገጽ ላይ ሰሌክት የከለከለ ሰው ሥራውን አላየውም።

ቋንቋውስ? ድሬ ላይ አንድ ማስታወቂያ በአማርኛ ሲወጣ የሚያነበው ሰው አፉን የፈታው በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ሊሆን ይችላል። መጋላ ላይ ቆማችሁ ጆሮ ስጡ፤ አንድ ሰው በአንድ ዋጋ ክርክር ውስጥ ሁለት ሦስት ቋንቋ ይቀላቅላል። ቀፊራ ገበያም እንደዚያው ነው። አማርኛ እየሰማ የሚግባባ፣ ግን ሲጻፍ አንዳንድ ቃል የሚከብደው ብዙ ሰው አለ። ያ ሰው ቃሉን ጫን ብሎ ይይዝና ወደ ትርጉም አፕ ይወስደዋል። ጉግል ትራንስሌት አማርኛንም ሶማሊኛንም ያውቃል፤ ኦሮምኛን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ጨምሯል። መሣሪያው አለ፣ ሰውየው ለመረዳት ፈልጓል፣ እኛ በመሀል ገብተን ቃሉን አንለቅም አልነው። ለዚህ ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሐረር ላይ ደግሞ ቱሪስቱ አለ። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል፤ የእንግዳ ማረፊያዎችም ደንበኛ በኢንተርኔት ያገኛሉ። ጀጎል ውስጥ መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ ማረፊያው ያለበትን የሚናገረው «ከሸዋ በር ገባ ብሎ»፣ «ከፈረስ መጋላ ወረድ ብሎ» የሚል ጽሑፍና ስልክ ቁጥር ነው። እንግዳው ይህን ቀድቶ ለባጃጅ ሹፌሩ በቴሌግራም መላክ ይፈልጋል። ወይም ወደ ካርታ አፕ ያስገባል። ከልክለነው በር ላይ ቆሞ ሲደናበር ማየት ለማን ይጠቅማል?

ተማሪውም አለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ ድሬዳዋ ባቡር ታሪክ ሲጽፍ ሐዲዱ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 መሆኑን ከአንድ ገጽ አግኝቶ ከነምንጩ ሊጠቅስ ይፈልጋል። በጥቅስ ምልክት ውስጥ አስገብቶ ምንጩን ከጻፈ ስርቆት አይደለም፣ ትምህርት ነው። ሲከለከል ግን ምን ይሆናል? በእጁ ሲገለብጥ ይሳሳታል፣ ወይም ምንጩን ሳይጠቅስ ከሌላ ገጽ ይወስዳል።

ሌላው ቀርቶ ሲያነብ ዓረፍተ ነገሩን ሰሌክት እያደረገ የሚከተል ሰው አለ። ዓይኑ የሚደክም፣ ወይም ረጅም ጽሑፍ ላይ መስመር የሚጠፋበት ሰው ነው። ምንም አይቀዳም፤ ጣቱን ወይም ማውሱን ተከትሎ ነው የሚያነብ። አይፎን ላይ ያለው «የመረጥከውን አንብብልኝ» የሚለው አገልግሎትም እንዲሁ የተመረጠ ጽሑፍ ይፈልጋል። እነዚህን ሰዎች ሌባ ብሎ መፈረጅ ልክ አይደለም።

«ትልልቅ ኩባንያዎችም ይጠቀሙበታል»

እውነት ነው፣ ይጠቀማሉ። እዚህ ላይ ከወንድማችን ጋር የምስማማበት ነገር ስላለ ሳልዘለው ላንሳው። የት ይጠቀማሉ የሚለው ግን ሁሉንም ይለውጠዋል።

በተን ላይ ይጠቀማሉ። «ይደውሉ» የሚለውን በተን ሰው ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ሲነካው ጽሑፉ ሰማያዊ ሆኖ እንዳይያዝ። የፎቶ ጋለሪ ቀስት ላይ፣ በጣት የሚጎተት የዋጋ መመጠኛ ላይ፣ ከፍ ዝቅ የሚል ሜኑ ርዕስ ላይ፣ ጌም ላይ። ኮድ የሚያስተምር ገጽ ላይ ደግሞ በግራ በኩል ያሉ የመስመር ቁጥሮች እንዳይቀዱ ይጠቀሙበታል፤ ተማሪው ኮዱን ሲቀዳ 1፣ 2፣ 3 እያለ ቁጥሩ አብሮ ቢመጣ ኮዱ አይሠራለትም። እነዚህ ሁሉ ላይ ትእዛዟ ተጠቃሚውን ታግዛለች። ሰው ሊያነበው የመጣው ጽሑፍ ግን ያው ክፍት ነው። የባንክ ገጽ በተኑን ቆለፈ ማለት አካውንት ቁጥርህን ቆለፈ ማለት አይደለም።

ስለዚህ ትእዛዟን ጣሉት እያልኩ አይደለም። እኔም በየሥራዬ እጠቀማታለሁ፣ ግን ለሚነካ ነገር እንጂ ለሚነበብ ነገር አይደለም።

«የሰሌክሽኑን ቀለም ማጥፋት ይቻላል»

ይህን ነጥብ በፍጥነት ልለፈው፣ ብዙ የሚያከራክር አይደለም። ወንድማችን «ነን» ካልሠራ፣ ሰሌክት ሲደረግ የሚታየውን ቀለም ብርሃን አሳላፊ አድርገን እናጥፋው ይላል። ይህ የሚደረገው ሁለት ነጥብ ተደርቦበት በሚጻፈው «ሰሌክሽን» በሚባለው መምረጫ ነው። ግን እሱ መልክ ብቻ ነው የሚቀይረው። ቀለሙ ባይታይም ጽሑፉ ተይዟል፣ ኮፒ ሲባልም ይቀዳል። ሌባው ምንም አልጎደለበትም። የጎደለበት የት ድረስ እንደያዘ ማየት ያቃተው ቅኑ ሰው ነው።

ይህን መምረጫ በደንብ መጠቀም የፈለገ ግን ያምርበታል። የድርጅቱን ቀለም በሰሌክሽኑ ላይ ማድረግ ይቻላል። ቀለም፣ ጀርባ፣ የጽሑፍ ጥላና ከሥር የሚሰመር መስመር ይቀበላል፤ የፊደል መጠንን ግን አይቀበልም። ፊደሉና ጀርባው መካከል ያለው ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን። ቀትር ላይ ድሬ ፀሐይ ሥር ስልክ የሚያነብን ሰው አስቡ።

«አስፈላጊውን ጽሑፍ በምስል አድርጎ መለጠፍ»

ይህን ሳነብ ከልቤ አዘንኩ። አማርኛ በኮምፒውተር ላይ እዚህ ለመድረስ ምን ያህል መንገድ እንደሄደ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይመክርም።

ድሮ በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ጽሑፍ ያንኑ ፎንት ከሌለህ የላቲን ፊደልና ምልክት ቆሻሻ ሆኖ ነበር የሚታየው። ኮምፒውተሩ አማርኛ መሆኑን አያውቅም። መፈለግም አይቻልም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ደረጃ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በቅጽ 3.0 ነው። ዛሬ «ድሬዳዋ ሆቴል» ብለን በፊደላችን ጉግል ላይ ስንጽፍ መልስ የሚመጣው በዚያ ምክንያት ነው። ጽሑፉን ምስል ስናደርገው ወደ ኋላ ነው የምንመለሰው። ያ ገጽ በአማርኛ ሲፈለግ ወደ ፊት መውጣቱ ይቀራል። ማየት የተሳነው ሰው ስልኩ ላይ ያለው ቶክባክም የሚያነብለት ጽሑፍ ያጣል። ኮምፒውተር ላይ ብዙዎች የሚጠቀሙበት ኤንቪዲኤ የተባለው አንባቢ ፕሮግራም አብሮት በሚመጣው ኢስፒክ በተባለ ድምፅ በኩል አማርኛ ማንበብ ይችላል፤ ምስል ስንሰጠው ግን ከምስሉ ጋር አማራጭ ጽሑፍ ካልተጻፈ በስተቀር የሚያነበው የለውም። አማራጭ ጽሑፍ ከጻፍን ደግሞ ጽሑፉ ኮዱ ውስጥ ተመልሶ ገባ፣ ምስሉ ለምን እንዳስፈለገ አይታወቅም።

የዳታውንም ነገር እንቁጠር። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8፣ ዌብ ላይ ጽሑፍ በሚቀመጥበት አሠራር፣ ሦስት ባይት ይይዛል። 1,000 ፊደል ያለው ማስታወቂያ 3,000 ባይት ያህል ነው፣ ሦስት ኪሎባይት። ያው ማስታወቂያ ምስል ሲሆን በመቶዎች ኪሎባይት ሊደርስ ይችላል። ዳታውን የሚከፍለው አንባቢው ነው። ገበያ መሀል ቆሞ በደከመ ኔትወርክ የሚከፍት ሰው ምስሉ እስኪመጣ ይጠብቃል፣ ሲመጣም አጉልቶ ግራ ቀኝ እየጎተተ ያነባል።

ለሌባውስ? ምስል ለሌባ ከሁሉም ይቀላል። ምስሉን አስቀምጦ እንዳለ ይለጥፈዋል። ጽሑፍ ከፈለገም ቴሴራክትን የመሰሉ ነፃ ፕሮግራሞች አማርኛን ከምስል ያነባሉ።

«ሕግ ስለሌለ በኮድ መከላከል አለብን»

ሕግ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። በዚህ አዋጅ ሥራው ወጥ ከሆነና ተጽፎ ከተቀመጠ ጥበቃ ለማግኘት የግድ መመዝገብ አይጠበቅበትም። የደራሲው የገንዘብ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ምንጭ ጠቅሶ በአግባቡ መጥቀስንም አዋጁ ይፈቅዳል። የአዋጅና የመመሪያ ኦፊሴላዊ ጽሑፍ ደግሞ በቅጂ መብት የሚጠበቅ አይደለም። ስለዚህ የሕግ ጽሑፍ የሚያወጣ ገጽ ላይ ሰሌክት የሚከለክል ሰው የሕዝብ የሆነውን ነገር ነው የሚከለክለው።

ሕጉ አለ ማለት ፍርድ ቤት ሄዶ ማስፈጸም ቀላል ነው ማለት አይደለም፣ ይህን አልክድም። የአንድ ሱቅ ባለቤት ለአንድ ገጽ ጽሑፍ ጠበቃ አይቀጥርም። ግን ከዚያ በፊት ያሉ መንገዶች አሉ። ጉግልም ፌስቡክም የቅጂ መብት አቤቱታ የሚቀበሉበት ፎርም አላቸው። ለዚያ የሚያስፈልገው ቀድሞ የወጣው የእኔ ነው የሚያሰኝ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ጽሑፍ ሲወጣ ቀኑና የጸሐፊው ስም ገጹ ላይ ይጻፍ። ገጹ በወጣ ቀን የኢንተርኔት አርካይቭ ወይባክ ማሽን ላይ ይቀመጥ፤ ነፃ ነው፣ ቀኑንም ይመዘግባል። የዎርድፕረሱን ፊድ ሙሉ ጽሑፍ ሳይሆን ቅንጭብ ብቻ እንዲያወጣ ማድረግ ደግሞ ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ አንድ ምርጫ መቀየር ነው። ፎቶ ከሆነ የሚያሳስበው፣ ስም ይታተምበት። ለደንበኛ «መከላከያ» ብለን ገንዘብ የምንቀበል ከሆነ እነዚህን እንሥራለት።

ቴምፕሌቱ እንዴት ይስተካከል

ወንድሜ፣ ቴምፕሌትህን ብዙ ልጆች ወስደውታል። ገና ብዙዎች ይወስዱታል። ስለዚህ የማቀርብልህ ጥያቄ የሚከተለው ነው።

በኮከብ ምልክት ለሁሉም የተሰጠችውን «ነን» አውጣት። በምትኩ ለበተን፣ ለሜኑ ርዕስና ለሚጎተቱ ነገሮች ብቻ ክላስ ሥራላቸው። እዚያ ላይ ሁለቱንም ጻፍ፦ መጀመሪያ የዌብኪት ቅጥያ ያለባትን፣ ከሥሯ ቅጥያ የሌላትን።

ለአካውንት ቁጥር፣ ለኮንቴይነር ቁጥርና ለቅናሽ ኮድ ደግሞ ሌላ ክላስ ጨምር። የዚህኛው ዋጋ «ኦል» (all) ይሁን፤ እዚህም ሁለቱንም ጻፍ። «ኦል» ማለት ሰውየው ከቁጥሩ አንዱን ቦታ ሲይዝ ቁጥሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይያዛል ማለት ነው፤ ኮምፒውተር ላይ በአንድ ክሊክ፣ ስልክ ላይ ጫን ብሎ በመያዝ። 13ቱን አሃዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመያዝ ጣት ማንሸራተት አያስፈልግም። ቁጥሩን ለዓይን እንዲቀል በአራት በአራት መክፈል ከፈለግህ ስፔስ አትጠቀም። እያንዳንዱን ክፍል በስፓን ከበህ በሲኤስኤስ ማርጂን ስጠው። ያን ጊዜ ለዓይን የተከፈለ ይመስላል፣ ሲቀዳ ግን ክፍተት አይገባበትም፤ ክፍተት ያለበትን ቁጥር የማይቀበል የባንክ አፕ ቢሆንም አያስቸግርም።

ከጎኑ «ኮፒ» የሚል በተን ብታደርግለት ደግሞ ለትልልቅ ሰዎች በጣም ይቀላል። በጃቫስክሪፕት የክሊፕቦርድ ትእዛዝ ይሠራል። ግን ገጹ ኤችቲቲፒኤስ ላይ ካልሆነ ብሮውዘሩ አይፈቅድም፣ ስለዚህ ሰርተፍኬቱ መጫኑን አረጋግጥ። ስልክ ቁጥሩን ደግሞ በ«ቴል» ሊንክ አድርገው፤ 025 ብሎ የሚጀምረውን የቢሮ ስልክ ከኢትዮጵያ ውጭ ያለ ሰውም እንዲደውልበት በመደመር ምልክትና በ251 ጀምረህ የፊቷን ዜሮ ጣል።

በመጨረሻ ከመልቀቅህ በፊት በአንድ አንድሮይድና በአንድ አይፎን ሞክረው። ፎርሙ ላይ ስም ጻፍ፣ አካውንት ቁጥሩን ቅዳ፣ ከጽሑፉ አንድ ቃል ይዘህ ወደ ትርጉም አፕ ውሰድ። ሦስቱም ከሠሩ ቴምፕሌቱን እኔም ለልጆቹ አስተላልፋለሁ።